ለተሸነፈም አንድ ነጥብ አለው

የመጀመሪያው ጨዋታ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቡድኖቹ ባረፉበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል። በአንዱ ወገን የውድድሩ ኮሚሽነር፣ በሌላው ወገን የቡድን መሪዎችና አሰልጣኞች ይቀመጣሉ። እስካሁን ኳስም ፊሽካም የለም፤ ጠረጴዛውን የሞላው ፓስፖርት ነው። የቡድን መሪው የአሥራ ሁለቱን ልጆች ፓስፖርት በማሊያ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ ያስረክባል። ኮሚሽነሩ እያንዳንዱን ገልጦ የልደት ቀኑን ቀድሞ ከተላከው ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። አንድ አኃዝ ካልገጠመ እስክሪብቶው ይቆማል፤ የአሰልጣኙም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። ቀኑ የማይገጥምለት ልጅ ለወራት የለፋበትን ውድድር ከመቀመጫ ሆኖ ያያል።

ከ16 ዓመት በታችም ሆነ ከ18 ዓመት በታች፣ ለታዳጊዎች የቅርጫት ኳስ የዓለም ዋንጫ የሚያበቃው የአፍሪካ ጉዞ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። የዞን ማጣሪያ ይባላል። ከአህጉሩ ውድድሮች ሁሉ ተመልካቹ ጥቂት ነው፤ በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው እምብዛም አይገኝም፤ ጋዜጦችም ውጤቱን ከገጹ ግርጌ በሁለት መስመር ያልፉታል። ነገር ግን አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዓለም ፊት ይታይ አይታይ የሚወሰነው መጀመሪያ እዚህ ነው። ለኢትዮጵያ ቅርጫት ኳስ ደግሞ ከየትኛውም መድረክ የሚቀርበውና የሚበጀው ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

መሰላሉ እንዴት እንደተሠራ

በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ለወንድ ታዳጊዎች ሁለት የዓለም ዋንጫዎች አሉት፤ ለሴቶችም እንዲሁ ሁለት። ትልቁ ከ19 ዓመት በታች የሚደረገው ሲሆን፣ በ1979 በብራዚሏ ሳልቫዶር ተጀመረ። ለረጅም ጊዜ በየአራት ዓመቱ ከቆየ በኋላ ዛሬ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። ከ17 ዓመት በታች የሚደረገው ታናሹ ዋንጫ በ2010 በጀርመኗ ሃምቡርግ ተጀመረ። በሁለቱም አሥራ ስድስት አገሮች ይሳተፋሉ። ከአሥራ ስድስቱ ቦታዎች አውሮፓ አምስት፣ አሜሪካዎቹ አራት፣ እስያና ኦሽንያ በጋራ አራት፣ አፍሪካ ሁለት ይይዛሉ። የቀረው አንድ ቦታ የአዘጋጇ አገር ነው።

ከሃምሳ በላይ አገሮች ላሏት አህጉር ሁለት ቦታ ብቻ! እነዚያን ሁለት ቦታዎች የሚወስኑት የአህጉሩ ውድድሮች፣ ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች አፍሮባስኬት የሚባሉት ናቸው። በጎደሎ ዓመት ከ16 በታች አፍሮባስኬት ይካሄድና ለፍጻሜ የደረሱት ሁለት ቡድኖች በሚቀጥለው ዓመት ወደ ከ17 በታች የዓለም ዋንጫ ያመራሉ። በሙሉ ዓመት ደግሞ ከ18 በታች አፍሮባስኬት ተደርጎ ሁለቱ የፍጻሜ ቡድኖች በተከታዩ ዓመት ከ19 በታች ዋንጫ ላይ ይታያሉ። በዚህ አሠራር አንድ ጎበዝ ልጅ ከአሥራ አምስት ዓመቱ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚወጣው ደረጃ አለው።

ወደ አፍሮባስኬት ለመግባት ደግሞ ዞንን ማለፍ ያስፈልጋል። ፊባ አፍሪካ አህጉሩን በሰባት ዞኖች ከፍሎታል። ኢትዮጵያ ያለችው በዞን 5 ነው፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሩዋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከቡሩንዲ፣ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከግብፅ ጋር። አዘጋጅ አገር ያለ ማጣሪያ ይገባል፤ ሌሎቹ የዞናቸውን ትኬት ይሻማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ፊባ አፍሪካ በግብዣ የሚሞላው ክፍት ቦታ ይኖራል።

በዞን 5 የግብፅ መኖር ነገሩን ሁሉ ያከብደዋል። ግብፅ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ቀደምት ኃይል ናት፤ በ1962 ካይሮ ላይ የተደረገውን የመጀመሪያውን የአፍሪካ ሻምፒዮና ያነሳችውም እሷ ናት። ከክለቦቿ ከአል አህሊና ከዛማሌክ የሚመጡ ታዳጊዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በጣሪያ ሥር፣ በእንጨት ወለል ላይ፣ በየሳምንቱ በሊግ የተጫወቱ ናቸው። ከሌላ የዞኑ አገር የሚመጣ ቡድን ከእነሱ ጋር ሲገናኝ ልዩነቱ የሚታየው በቁመት ብቻ አይደለም። ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ በምታልፍበት ፍጥነትም ይታያል። ሆኖም ዞኑን የሚያከብደው ይኸው ጎረቤት ትልቁ መምህርም ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ የግብፅን ተከላካይ ያየ ልጅ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ማንንም ሲገጥም አይደነግጥም።

ዞኑ ራሱም እየተለወጠ ነው። ሩዋንዳ በ2016 ከ18 በታች የአፍሪካ ሻምፒዮናን ኪጋሊ ላይ አስተናገደች። በ2019 አሥር ሺህ ሰው የሚይዘውን፣ ዛሬ ቢኬ አሬና የሚባለውን አዳራሽ ከፈተች። ከ2021 ጀምሮ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ተቀበለች፤ በ2025 ደግሞ ከ16 በታች አፍሮባስኬትን አዘጋጀች። ካምፓላ በሉጎጎ አዳራሿ የዞኑን ታዳጊዎች ስታስተናግድ ቆይታለች። ከዚችው ካምፓላ ኻማን ማሉዋች ወጣ። ሩምቤክ ተወልዶ በስደት ኡጋንዳ ያደገው ይህ ልጅ ኳስ የጀመረው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለደቡብ ሱዳን በፓሪስ ኦሊምፒክ ተሰለፈ፤ በ2025 በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ የተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ደግሞ አሥረኛ ሆኖ ተጠራ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ያደገ የዞናችን ልጅ ነው።

ከባማኮ እስከ ሄራክሊዮን

የመሰላሉ ጫፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሐምሌ 2019 እንመለስ። ቦታው የግሪኳ ቀርጤስ ደሴት፣ ሄራክሊዮን ከተማ ነው። ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ማሊና ፈረንሳይ ተፋጠዋል። በፈረንሳይ ወገን በታላላቅ ክለቦች የማሠልጠኛ ማዕከላት ያለፉ ልጆች አሉ። በማሊ ወገን ከአንድ ዓመት በፊት ባማኮ ላይ፣ በሕዝባቸው ፊት የአፍሪካን ዋንጫ ያነሱ ልጆች ቆመዋል። ከቅርጫቱ ሥር ግዙፉ ኡማር ባሎ ሪባውንዱን ይሰበስባል፤ ከፊት ሲሪማን ካኑቴ ኳሷን ይዞ ጨዋታውን ያንቀሳቅሳል። ሰዓቱ ሲያበቃ ሰሌዳው 76 ለ 73 ይላል። ማሊ አሸንፋለች።

ከዚያ ቀን በፊት በወንዶች ለፊባ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ የአፍሪካ ቡድን አልነበረም፤ በታዳጊም በአዋቂም። በማግሥቱ በተደረገው ፍጻሜ አሜሪካ 93 ለ 79 አሸነፈች። በአሜሪካ ቡድን ውስጥ ዛሬ በኤንቢኤ ስሙ የገነነው ታይሪስ ሃሊበርተን ነበር። የማሊ ልጆች በዚያ ሁሉ መካከል እስከ መጨረሻው ታግለው የብር ሜዳሊያ አጠለቁ።

ማሊን የፈጠረው አንድ ጥሩ ክረምት እንዳልሆነ የቡድኑ ታሪክ ያሳያል። በታዳጊ ደረጃ በወንዶችም በሴቶችም ከዓመት ዓመት አትቀርም። አንድ ትውልድ ሲያልፍ ቀጣዩ ተረክቦ ይገባል፤ የተሸነፈበትን ውድድር በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ ይገጥመዋል። ባሎና ጓደኞቹ ቀርጤስ ሲደርሱ የዓለም ዋንጫ አየር አዲስ አልሆነባቸውም፤ በ2018 አርጀንቲና ላይ በተደረገው ከ17 በታች ዋንጫ ማሊ ነበረች።

ሌሎችም ተከትለዋል። በ2022 አንታናናሪቮ ላይ በተደረገው ከ18 በታች ሻምፒዮና፣ በቅርጫት ኳስ ስሟ ብዙም የማይነሳው ማዳጋስካር በራሷ ሕዝብ ፊት ለፍጻሜ ደረሰች። በዚያም ውጤት በ2023 የሃንጋሪዋ ደብረሰን ከተማ ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ላይ ከአሥራ ስድስቱ አንዷ ሆና ተሰለፈች። ጊኒ ደግሞ በ2023 ቱኒዚያ ላይ ከተደረገው ከ16 በታች ውድድር አልፋ በ2024 ኢስታንቡል ላይ ከ17 በታች የዓለም ዋንጫ ተጫወተች። ሁለቱም የሀብት አገሮች አይደሉም። አንዷ አዘጋጅ የመሆንን ዕድል፣ ሌላዋ አንድ ጥሩ ትውልድን በሚገባ ተጠቀሙበት። ሁለት ቦታ ጠባብ ቢሆንም የሚገባበት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አገር እንዳልሆነ እነዚህ ሁለቱ ምስክር ናቸው።

በእነዚህ ዋንጫዎች ላይ የሚታይ ልጅ ሩቅ ይሄዳል። ዛሬ የዓለም ምርጥ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኒኮላ ዮኪች በ2013 ፕራግ ላይ ከሰርቢያ ጋር ከ19 በታች የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ከአገሩ ውጭ ብዙ የሚያውቀው አልነበረም። በ2017 ካይሮ ውድድሩን ስታስተናግድ፣ የካናዳው አር ጄ ባሬት በግማሽ ፍጻሜ አሜሪካ ላይ 38 ነጥብ ሲያስቆጥር ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ካናዳም ዋንጫውን አነሳች።

የነጥብ ሕጉ የሚለን

የዞን ማጣሪያ ለተሳታፊው ምን ይሰጣል? መልሱ ራሱ በፊባ የነጥብ አሰጣጥ ውስጥ አለ። በቅርጫት ኳስ ምድብ ጨዋታ ያሸነፈ ሁለት ነጥብ ያገኛል። የተሸነፈም አንድ ነጥብ ያገኛል። ያልቀረበ ዜሮ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ከነበረበት ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ አልፎ አምስት ተጫዋች ማሰለፍ ያልቻለ ቡድን በፎርፌ 20 ለ 0 ይሸነፋል፤ በሠንጠረዡም ላይ ባዶ ይጻፍበታል። ሕጉ በሠላሳ ነጥብ የተሸነፈን ቡድን ካልመጣው ቡድን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ይህ ለዞናችን ቀላል ነገር አይደለም። ስማቸው በዕጣው ላይ ሰፍሮ በመጨረሻው ሰዓት የሚቀሩ ቡድኖች በየጊዜው ይታያሉ። የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል ወጪ፣ በሰዓቱ ያልወጣ ፓስፖርት፣ በጊዜ ያልተፈቀደ በጀት ምክንያት ይሆናሉ። ፌዴሬሽኖች አንዳንዴ «ዘንድሮ ዝግጅት የለንም፤ ሄደን ከምንዋረድ እንቅር» ብለው ይወስናሉ። ውሳኔው ጥንቃቄ ይመስላል። ጉዳቱን የሚሸከመው ግን ልጁ ነው። በዚያ ዓመት አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በሁለተኛው ዓመት ለዚያ ዕድሜ አይመለስም። የአዋቂዎች ቡድን አንድ ውድድር ቢያመልጠው ያው ተጫዋች ከርሞ ይሞክራል፤ ታዳጊው ግን በሩ አንድ ጊዜ ከተዘጋበት እስከ ወዲያኛው ተዘጋበት።

ተሸንፎ መመለስስ ምን ያስተምራል? በአገር ውስጥ ሜዳዎች ብዙ ጊዜ የማይታየውን የ24 ሰከንድ ሰዓት ያስተምራል። ኳሷን ይዞ መሐል ሜዳውን ለመሻገር ስምንት ሰከንድ ብቻ እንዳለ፣ ያም ሙሉ ሜዳ ጫና በሚያደርግ ተጋጣሚ ፊት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያስተምራል። ሦስት ቡድኖች በነጥብም እርስ በርስ ባገኙት ውጤትም ሲተካከሉ የሚለያቸው በመካከላቸው ባደረጉት ጨዋታ ያስቆጠሩትና የተቆጠረባቸው ልዩነት በመሆኑ፣ በሃያ ነጥብ እየተመሩም እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ መከላከልን ያስተምራል። አሰልጣኙም ይማራል፤ ታይም አውት መቼ እንደሚጠራ፣ አሥራ ሁለቱንም ልጆች በሰባት ቀን ውስጥ በሚደረጉ ተከታታይ ጨዋታዎች እንዴት አፈራርቆ እንደሚያዘልቅ ይማራል። ዳኛውም ቢሆን በዓለም አቀፍ ውድድር ይበልጥ በቀላሉ የሚሾመው አገሩ ስትሳተፍ ነው።

በተመልካች ወንበር ላይ ደግሞ መልማዮች ይቀመጣሉ። ጥቂት ናቸው፤ ግን ይመጣሉ። የሴኔጋሉ የኤንቢኤ አካዳሚ፣ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች የሚፈልጓቸው ልጆች የሚገኙት እንዲህ ባሉ ውድድሮች ነው። ያልመጣን ቡድን የሚያይ መልማይ የለም።

እኛ ከየት ተነስተን

ኢትዮጵያ ለቅርጫት ኳስ እንግዳ አይደለችም። በ1962 ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮና ሲደረግ ከተሳተፉት አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከግብፅ፣ ከሱዳን፣ ከሞሮኮና ከጊኒ ጋር። ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን በእግር ኳስ ያነሳንበት ያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከ17ም ሆነ ከ19 ዓመት በታች በዓለም ዋንጫ ላይ የኢትዮጵያ ማሊያ ታይቶ አያውቅም።

ፍቅሩ ጠፍቶ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በጎንደር፣ በድሬዳዋ ቅዳሜ ጠዋት በየትምህርት ቤቱና በየወጣት ማዕከሉ የሚሰማው የኳስ ድምፅ ይመሰክራል። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ላይ፣ መረብ በሌለው ቀለበት ሥር ልጆች ሲጫወቱ ይውላሉ። ጨዋታው እየጋለ ሲሄድ ሁለት ቡድን ከዳር ቆሞ ተራ ይጠብቃል፤ «አሸናፊ ይቀጥላል» ነው ሕጉ። ችሎታም አለ፤ ድሪብሉ ያምራል፣ ድፍረቱም አለ።

የጎደለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አብዛኛው ሜዳችን ጣሪያ የለውም። የዞን ማጣሪያዎች የሚደረጉት ብዙ ጊዜ በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነው። ያ ወቅት በእኛ አገር ክረምት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይወርዳል፣ ሲሚንቶው ይርሳል፣ ልምምድ ይቋረጣል። በዚያው ወቅት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለሚኒስትሪ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለመልቀቂያ ፈተና ይቀመጣል። ከ16 በታች ቡድን ውስጥ የሚኒስትሪ ተፈታኞች፣ ከ18 በታች ቡድን ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች መኖራቸው አይቀርም። ወላጅ ልጁን ከፈተና አስቀርቶ ወደ ልምምድ እንዲልክ መጠየቅ አይገባም፤ ወላጅም እሺ አይልም፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመስከረም መጀመር አለበት። በመስከረም ተመርጦ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ተገናኝቶ፣ በጥርና በሚያዝያ እረፍት አብሮ የሰነበተ ቡድን፣ በሰኔ ፈተናውንም ጨዋታውንም ይችላል። በግንቦት መጨረሻ በችኮላ የተሰበሰበ ቡድን ግን ሁለቱንም ያጣል።

ወለሉም ትልቅ ነገር ነው። በሲሚንቶ ላይ ያደገ ልጅ እግሩን ተክሎ ሲዞር ጫማው ይይዘዋል፤ በእንጨት ወለል ላይ ያንኑ ሲሞክር ይንሸራተታል፣ ወይም ትራቭሊንግ ይነፋበታል። የኳሷ አነጣጠር ይለያል፤ ከመስታወት ሰሌዳ የሚመለሰው ኳስ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ከውድድሩ በፊት ጥቂት ሳምንታት በተሟላ አዳራሽ ውስጥ መለማመድ ብቻ ይህን ልዩነት በብዙ ያጠበዋል። እንዲህ ያለ ወለል ያላቸው አዳራሾች በአገራችን ጥቂት ቢሆኑም አሉ። ለታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን ሰዓት መመደብ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ታኅሣሥ 23

አሁን ወደ ፓስፖርቱ ጉዳይ እንግባ፤ እኛን ከሌላው ይልቅ ይመለከተናልና። የፊባ የዕድሜ ወሰን የሚቆጠረው በአውሮፓውያኑ ጥር 1 ቀን ነው። ለምሳሌ በ2025 ኪጋሊ ላይ ለተደረገው ከ16 በታች አፍሮባስኬት መሰለፍ የሚችለው ጥር 1 ቀን 2009 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ነበር። ያች ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም ናት።

በዚህ ሒሳብ በጥር 2001 ዓ.ም የተወለደ ልጅ ከቡድኑ ሁሉ ታላቅ ሆኖ በሙሉ ጉልበቱ ይጫወታል። በኅዳር 2001 ዓ.ም የተወለደው የክፍል ጓደኛው ግን በአውሮፓውያኑ 2008 ላይ ስለሚያርፍ አይገባም። ሁለቱም «የ2001 ልጆች» ናቸው፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ልዩነት የላቸውም። የልደት ካርድ ላይ ወሩ ሳይጻፍ ዓመቱ ብቻ ከተጻፈ፣ ወይም ጸሐፊው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀይር ስምንት ብቻ ደምሮ ካለፈ፣ ልጁ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ወይም ሳይገባው ይገባና ቡድኑን በሙሉ ያስቀጣል።

አስገዳጅ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ዛሬ በታዳጊ ዕድሜ የሚወዳደሩት ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። የብዙዎቹ የልደት ማስረጃ የወጣው ከተወለዱ ከዓመታት በኋላ፣ በወላጅ ቃል ወይም በክርስትና ካርድ ወይም በክትባት ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ የታዳጊ አሰልጣኝ የመጀመሪያ ሥራ ወረቀት መሰብሰብ ነው። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው የልደት የምስክር ወረቀቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጣርቶ መያዝ አለበት።

ስለ ዕድሜ መቀነስም በግልጽ እንናገር። በአህጉሩ የታዳጊ ስፖርት ውስጥ ትልቁ በሽታ ይህ ነው፤ እኛም ጤነኞች አይደለንም። ሃያ ዓመት የሞላውን ወጣት አሥራ ሰባት ነው ብሎ ማሰለፍ አንድ ጨዋታ ያሸንፍ ይሆናል። በቦታው ሊሰለፍ የሚገባውን ልጅ ግን ይገፋል፤ ያን ወጣትም በሐሰት ወረቀት ዕድሜ ልኩን ያስረዋል። ከእንዲህ ያለ ድል ሽንፈት ይሻላል።

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱ ብዙ ልጆች በትምህርት ቤታቸው ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። ለእናት አባታቸው አገር መሰለፍ ይችላሉ ወይ? ብዙ ሰው ጥምር ዜግነት ስለማይፈቀድ አይቻልም ብሎ ይደመድማል። ሕጉ ግን ለልጆች ጠባብ በር ትቷል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ምርጫውን የሚያሳውቀው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው። እንግዲህ ልጁ ሲወለድ ወላጁ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደያዘ ከነበረ፣ በታዳጊ ዕድሜ መንገድ አለ ማለት ነው።

የፊባ ሕግ ደግሞ ሌላ ሰዓት ይቆጥራል። አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ ዜግነት ያገኘ፣ ወይም በውልደት መብት ኖሮት እስከዚያ ያልጠየቀ ተጫዋች እንደ ባዕድ ይቆጠራል፤ ከእንዲህ ያሉት በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ ቀነ ገደቡ የልጅዎ አሥራ ስድስተኛ ልደት ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ለጉብኝትና ለሥራ ይጠቅማል እንጂ ለብሔራዊ ቡድን ፓስፖርትን አይተካም።

ደቡብ ሱዳን ይህን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ምን እንዳደረገች ዓለም አይቷል። በ2011 ነጻ ወጥታ፣ በ2013 ፊባን ተቀላቅላ፣ በ2023 የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ቡድኖች አንደኛ ሆና ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈች። ጁባ ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ የቤት ውስጥ ሜዳ አልነበረም። በሉዎል ዴንግ የሚመራው ፌዴሬሽን በዓለም የተበተኑ ልጆቹን አንድ በአንድ ፈልጎ ሰበሰበ።

እኅቶቻቸው

ስለ ታዳጊ ቅርጫት ኳስ ሲወራ ሴቶቹ መጨረሻ ላይ ይነሳሉ። የአፍሪካ መንገድ ግን በሴቶች ከወንዶቹ ሰፋ ይላል። በ2021 የማሊ ሴቶች ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሰው አራተኛ ሆኑ። ኮከባቸው ሲካ ኮኔ በተከታዩ ዓመት በአሜሪካው የሴቶች ሊግ ምርጫ ተጠራች። በዞን ደረጃ የሴቶች ማጣሪያ የሚቀርበው ቡድን ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በቁም ነገር ለሚዘጋጅ አገር ትኬቱ ይበልጥ ይቀርባል። ገንዘብ ለአንድ ቡድን ብቻ ቢበቃና የግድ ማስቀደም ካስፈለገ፣ ሴቶቹን ማስቀደም ፍትሕም ብልኅነትም ነው።

የምንጠይቀው

ማንም በአንድ ዓመት ግብፅን እንድናሸንፍ አይጠብቅም። የምንጠይቀው ሊደረግ የሚችለውን ነው። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ የዞን 5 የታዳጊ ማጣሪያዎችን በዓመታዊ ዕቅዱ ቋሚ አድርጎ ያስፍራቸው፤ በሴትም በወንድም አንዱንም አያሳልፍ። ትምህርት ቢሮዎች የትምህርት ቤቶችን ውድድር በመስከረም ይጀምሩልን። ባለ አዳራሾች በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለታዳጊዎች ይፍቀዱ። ኪጋሊና ካምፓላ፣ ናይሮቢና ዳሬሰላም የራሳችን አየር መንገድ የሚያርፍባቸው ከተሞች ናቸው፤ ለአሥራ ሁለት ልጆች ትኬት የሚችል ድርጅት በዚህ አገር አይጠፋም። ወላጆች የልጆቻችሁን የልደት ወረቀት ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አረጋግጡ። አሰልጣኞች፣ የልጁን ዕድሜ አትንኩ።

ልጆቹ አሉ፤ በየሰፈሩ ሜዳ ተራ እየጠበቁ ነው። በሚቀጥለው የዞን ማጣሪያ የኢትዮጵያ ስም በዕጣው ላይ ይኑር፤ ስሙ የተጻፈው ቡድንም በሰዓቱ ሜዳው ላይ ይገኝ።